ትርጉሙ ያልታወቀ

የሰው ልብ ምን ላይ እንደሚያርፍ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?
ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ልኮ በር ላይ አቁሞ ይጠይቃል፦
«ወደዱት ወይ? ምን ተማሩ?» ወረቀት አድሎ ይለቅማል።
እኔ በጨርቄ አውቃለሁ፤
ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ መስታወቱን አነባለሁ።

የዕንቁው ሚዛን ላይ፣ የሴት ጣት፤ ቀጭን፣ ቅባት የነካው።
ጠላቂ አፍንጫውን የሚቆነጥጥበት አጥንት ላይ፣ ግንባር፤
አዎ ግንባር፣ ሰው እስኪጋጭ ተጠግቶ ያየው።
የሼኩ ሰይፍ ላይ ምንም የለም። ለሳምንት ባልፈው ማን አወቀው?
ታንቡራው ጋ ግን፣ ዝቅ ብሎ፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣
የልጆች መዳፍ፣ አምስት ጣቱ ተዘርግቶ፣ በስኳር ተለውሶ።

ስድስት ጅማት። ገበቴ የሚያህል ሆድ፣ በቆዳ የተወጠረ።
ክራር አይደለም፤ የክራር አጎት ነው፣ ባሕር ተሻግሮ የቀረ፣
የፍየል ሰኮና ከታጠቀ ሰው ጋር ሲያጓራ ያደረ።

ዶክተር ሙዳዊ ናት ያመጣችው።
አራት ዓመት በሙሐረቅ ጓዳ ለጓዳ ስትዞር፣
የተበጠሰ የካሴት ክር በእርሳስ ስትጠመጥም፣ ስትቋጥር፣
ተማሪዎቿ ሲያዛጉ እሷ ከሽማግሌ እግር ሥር።
«ከሰፈሩ የወጣ ዜማ በመደርደሪያ አይታሸግም» ብላ፣
የዕንቁ ነጋዴውን አሮጌ ቤት አስጠግና፣ ግድግዳውን በኖራ አስቀብታ፣
ቀዩን ቁልፍ አስተከለች። ሲጫኑት፣ ሟቹ ሰንጉር ይዘፍናል፤
ግጥሙ ከሥሩ በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛ ይነበባል።
ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን አንዲት ቃል ብቻዋን ቆማለች፦
«አዮ»፤
«ትርጉሙ ያልታወቀ» ተብላለች።

ስምንት ወር ወለወልኩት ያንን ጽሑፍ።
ስምንት ወር አዳመጥኩት፣ ባልዲዬን ይዤ ሳልፍ።
አጋሮ፣ እንጨት ተሸክሜ ደጅ ስደርስ የምጠራው ስም፤
ቡናዋን በአበባው ሸጣ፣ ለቪዛዬ ከፍላ ስትሸኘኝ፣
ጉሮሮዬ ተዘግቶ ያልጠራሁት ስም።

አንድ ሐሙስ፣ በር ሊዘጋ ሲል፣
«ዶክተር፣» አልኳት፣ «ይቺ ቃል በእኛ አገር እናት ናት።»
መነጽሯን አወለቀች። ጣቴን ይዛ ቁልፉ ላይ አኖረችው።
ሰማነው። ደገምነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደገምነው።

በማግስቱ የሰንጉር ልጅ ጁምዓ፣ አሣ አጥማጁ፣ መጣና ሳቀብን፦
«እናት? የምን እናት! ገመድ ሲስቡ የሚሉት ነው፤
አባቴ ሸራ ሲሰቅል ይለው ነበር፣ እስትንፋስ ነው።
አያቴ ከየት እንደመጣች ለአባቴስ ማን ነገረው?»
ይህን ብሎ ግን አልሄደም።
ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ የጀልባው ሰዓት እስኪያልፈው።

ዶክተሯ አልፈረደችም። «ሁለቱም ይጻፍ» አለች፤
ብዙ ተምራ፣ አላውቅም ማለትን ያልረሳች።
«እናት፤ ወይም የገመድ ጥሪ።»
ከዚያ ብዕሯን አንሥታ፣ «ምንጩ ማን ልበል?» አለችኝ።

ዙልፋ አባ መጫ።
እንዲህ ልላት አፌ ከፈተ፤ ደረቴን አየሁና ዘጋሁት።
ባጁ ላይ ያለው የሌላ ሴት ስም ነው፣ የሌላ ሴት ፈቃድ፤
የእኔ ፓስፖርት ጥዬው በወጣሁት ቤት፣ በማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው።
«ተዪው» አልኳት። ገባት መሰለኝ፣ አልጠየቀችኝም።
«ከአጋሮ የመጣች አድማጭ» ብላ ጻፈች፤
እኔም ያን ቀን፣ ከዚህ በላይ አልፈለግሁም።

ዛሬ ማታ ስወለውል አዲስ አሻራ አገኘሁ፣
ልክ «አዮ» የምትለዋ ላይ፤
ወፍራም አውራ ጣት፣ ገመድ የበላው ጠባሳ መሐሉን የሰነጠቀው።
የልጆቹን መዳፍ ጠረግሁ፤ ግንባሩን፣ ቅባቱን ጠረግሁ።
እሱን ለነገ አሳደርኩት።